አንድ ቀሚስ፣ ሁለት ፊት

ባለቤቴ ሳህሌ በሥራው ስህተት አይወድም ነበር። ማንም አይወድም፤ እሱ ግን ይብስበት ነበር። እሁድ እሁድ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለችው ቤታችን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን ፎቶ ያነሳል። ካሜራዋ ባለ ሁለት ዓይን ናት፤ ፒያሳ ከአንድ አርመን ላይ አሮጌ ሆና ነው የገዛት። ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከላይ በመስተዋቷ ቁልቁል እያየ ነው የሚያነሳው። አቀርቅሮ ሲቆይባቸው ሰዎቹ፣ «ያነሳናል ወይስ ይጸልይልናል?» ይሉ ነበር።

እኔ የማሾፈው በፊልሙ ነው። አንድ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ይይዛል፤ ሳህሌ ሁሉም ሳይነሳ አያጥብም። የቸኮለ ሰው ሲመጣበት፣ «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ይሙሉ» እለዋለሁ።

አንድ ፎቶ ካነሳ በኋላ ፊልሙን በእጁ ማዞር አለበት። ካላዞረ ሁለተኛው ሰው በመጀመሪያው ላይ ይደረባል፤ ካሜራዋ አትከለክልም። ሳህሌ ማዞር ረስቶ አያውቅም ነበር።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዳግማ ትንሣኤ ዕለት ሁለት ጓደኛሞች መጡ፤ ፈትል ክፍል የምትሠራው ዳሲቱ፣ የእማማ የሺሐረግ አንድያ ልጅ፣ እና ዙለይኻ፣ የባለሱቁ የታጁ ልጅ። ዳሲቱ በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችው ነጠብጣብ ቀሚስ ነበራት፤ ሁለቱም በእሱ ሊነሱ ተስማምተዋል። ዳሲቱ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ ተነሳች። ከዚያ መጋረጃው ኋላ ሲለዋወጡ ቀሚሱ ዙለይኻን በአንገቷ አልገባ አላት። ሳቃቸው እኔን ከጓዳ አወጣኝ፤ ሳህሌም አብሯቸው ሳቀ። ዙለይኻ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ወደ መጋረጃው ዘንበል አለች፤ እሱም አቀርቅሮ አነሳት።

ፊልሙ ገና ስላልሞላ ሳይታጠብ ቆየ። በሁለተኛው ሳምንት ዳሲቱን ተስቦ ያዛት፤ በስድስተኛው ቀን ሞተች።

በተቀበረች ማግስት እማማ የሺሐረግ ደጃችን መጥተው ቆሙ። ልጃቸው ሌላ ፎቶ የላትም።

«ልጄ ሳህሌ፣ በሣልስቷ ፎቶዋን ይዤ ላልቅስላት። ባይሞላም እጠብልኝ» አሉት።

ወዲያው አጠበው። ወረቀቱ ውኃው ውስጥ ሲጠቁር አጠገቡ ነበርኩ። አንድ ቀሚስ ወጣ፣ ከአንገቱ በላይ ሁለት ፊት። አንዷ ወደ መስኮቱ፣ አንዷ ወደ መጋረጃው።

«ማዞሩን ረስቻለሁ» አለ።

«እንዲሁ ስጣቸው» አልኩት።

«አቻምየለሽ፣ በሕይወት ያለች ልጅ ፎቶ ለቅሶ ላይ ይያዝ? በዙለይኻ ላይ ሟርት ነው እኮ። ታጁስ ምን ይለኛል?»

ነገሩ እውነት ነው፤ አገሩም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ባሌን አውቀዋለሁ። ከሟርቱ ይልቅ የፈራው፣ አቃቂ ሁሉ ስህተቱን ተሸክሞ ደረት ሲደቃ ማየትን ነው።

ለእማማ የሺሐረግ፣ «ብርሃን ገብቶበት ተቃጥሏል» አላቸው። በሣልስቱ ሌላው የልጁን ፎቶ በሚይዝበት እጃቸው ነጠብጣቡን ቀሚስ ይዘው አለቀሱ። እኔም እያወቅሁ ዝም ብዬ አብሬ አለቀስሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

ለዙለይኻም ይህንኑ ነግሮ፣ «ነይ እንደገና ላንሳሽ» ቢላት፣ «ያለ እሷ አልነሳም» አለችው።

እማማ የሺሐረግ መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር፣ «ትንሽ እንኳ አልወጣችም ነበር?» ይሉታል። ሳህሌ ካሜራም ሳይዝ ያቀረቅራል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሮ ሞተ።

አርባውን ካወጣሁ በኋላ ፊልም የሚያኖርበትን ቆርቆሮ ብከፍት ፎቶዋ ከሥር ተቀምጣለች። መጣል አልሆነለትም። ወደ እማማ የሺሐረግ ይዤ ሄድሁ፤ ሁሉንም ነገርኋቸው።

አልተቆጡኝም። ወደ በሩ ብርሃን ተጠግተው የዙለይኻን ፊት በአውራ ጣታቸው ሸፈኑ። ብዙ ቆይተው አዩ። ከዚያ ጣታቸውን አነሱት።

«ይቺም እሁድ እሁድ እየመጣች አጠገቤ የምትቀመጠው ናት» አሉ። «እንዲሁ ብትሰጡኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ አቻምየለሽ፣ የልጄ መልክ ከጠፋብኝ ሁለት ዓመቱ ነው።»