የሰው ሳሎን

ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። የምኖረው ጉርድ ሾላ፣ አከራዬ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አልጋዬና የበርበሬ ጆንያዬ ከገቡባት ለእኔ መቆሚያም አይተርፈኝም። ወሎ ላለው አባቴ ግን ይህን ተናግሬ አላውቅም። ሲደውልልኝ "አልሃምዱሊላህ፣ ተመችቶኛል" እያልኩ ስንት ዓመት ዋሸሁት! ምን ላድርግ? ልጁ ሸገር ገብታ አልሆነላትም ከተባለ አንገቱን ይደፋል።

አምና በረዶ ማሽላውን ከነአገዳው አነጠፈበት። ቆይቶ መንግሥት ሰብላቸው ለጠፋባቸው ገበሬዎች ገንዘብ ሊሰጥ ነው ተባለ። ስም የሚመዘግበው የቀበሌ ኮሚቴ ነው፤ ከኮሚቴው አንዱ ደግሞ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም። እፎይ አልኩ። አባቴ ዘር ይገዛል፣ ያቺን አንድ ጥማድ በሬውን አይሸጥም። ያለ በሬ ምኑን ገበሬ ሆነው?

በዚያው ሰሞን አጎቴ ዓይኑን ሊታከም አዲስ አበባ መጣ። ቦሌ ትልቅ ሱቅ የከፈተ ልጅ አለው፤ "እሱ አይመቸውም" ብሎ እኔ ቤት ሊያርፍ ሆነ። እኔ ቤት! ሮጬ አከራዬ እግር ላይ ወደቅሁ።

"እትዬ፣ ለሦስት ቀን ሳሎንዎን ያውሱኝ። አያዋርዱኝ።"

ደግ ናቸው፤ እየሳቁ እኔ ክፍል ገቡ። እኔም የሶፋና የትልቅ ቴሌቪዥን እመቤት ሆኜ ቁጭ አልኩ። ዶሮ አሳረድኩለት፣ በእጄ አጎረስኩት፣ ሲሄድም አዲስ ጋቢ አለበስኩት። ሊወጣ ሲል "አባትሽን ላስደስተው" ብሎ ሶፋው ላይ አስቀምጦ በስልኩ ፎቶ አነሳኝ። እኔ ሞኟ ፈገግ አልኩለት።

ገንዘቡ ሲታደል የአባቴ ስም የለም። እሳት ጎርሼ አጎቴ ጋ ደወልኩ። "ደህና የሚኖር ልጅ ያለው ይቅር ተባለ። ፎቶሽን አየና ኮሚቴው ወሰነ፤ እኔ ምን ልዋሽ?" አለኝ።

"የአንተስ ስም አለ?" አልኩት። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምለው።

"እሱማ አለ።"

"ባለሱቁ ልጅህስ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ! ገበያ መሃል ቆሜ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስኩ።

አባቴ ጋ ስደውል በሬዎቹን ሸጦ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ መዋሸት አቃተኝ። "አባ፣ ይቅር በለኝ። ቤቱም ሶፋውም የእኔ አይደለም፤ የሰው ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

"ፎቶውን አጎትሽ አሳይቶኛል። ከራስሽ በላይ ግድግዳው ላይ የማርያም ስዕል ተሰቅሏል። የእኔ ልጅ፣ በየሶላቱ የምትሰግደው፣ ማርያምን ትሰቅላለች?"

ወይ እኔ! ያከራዬን ሳሎን ስጠርግ ስወለውል ያቺ ስዕል ለዓይኔም አልታየችኝም።

"ታዲያ ለምን ለኮሚቴው አልተናገርክም?"

"አገሩ ሁሉ 'ልጅህ አለፈላት' እያለ ሲመርቅልኝ፣ ውሸቷን ነው ልበል? ተይው ልጄ። በሬ አላህ ሲል ይገዛል።"

ስልኩን ዘጋሁ። አጎቴ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ ስዕል ፊት ለፊት ተቀምጦ በልቷል፤ አንድ ጊዜም "ይሄ ምንድን ነው?" አላለኝም።