ኦኬሎ፣ «ብረት ነኝ» ያለን የቡራዩው ሳህን አጣቢ

ልጄ ጠዋት ደውላ «እማዬ፣ ኦኬሎ አረፈ» ስትለኝ «የቱ ኦኬሎ?» ብዬ ተከራከርኳት። ሌላ ኦኬሎ የማውቅ ይመስል! ኧረ ባለፈው ፋሲካ እንኳ በስልክ ሲያስቀኝ አልነበረም እንዴ?

ወዳጆቼ፣ ይህን ሰው ሳላስተዋውቃችሁ አይመሽም። ጠጋ በሉና ላውጋችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቡራዩ ዳገቱ ላይ በነበረችው ኮሌጃችን ከየአፍሪካው አገር የመጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ ኦኬሎ ከኡጋንዳ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሰላምታው በፊት ሳቁ የሚደርስ። ገበያተኛውን ሁሉ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን? እንደምን አደራችሁ?» እያለ ከእኛ በፊት ከአገሩ ሰው የተወዳጀ እሱ ነው።

ታዲያ አንድ ጭንቀት ነበረበት። የነፃ ትምህርት ዕርዳታው የሚከፈለው ትምህርት ላለባቸው ወራት ብቻ ነው። ክረምት ሲመጣ እኛ ወደየቤታችን፤ እሱ ግን ወይ ግቢው ውስጥ ሥራ ያገኛል፣ ወይ አገሩ ይገባል። ከገባ ደግሞ መመለሻ ገንዘብ የለውም። ትምህርቱ እዚያው ላይ ቀረ ማለት ነው።

የምግብ ቤቱን ኃላፊ ኦቦ ደበላን ሥራ ቢጠይቃቸው፣ «እንግዳ ሳህን ያጥባል? ነውር ነው ልጄ!» አሉት። ደጅ ሲጠናቸው ግን ተሸነፉ። «እሺ፣ እንሞክርህ። ካማረልህ ክረምቱንም ትሠራለህ።»

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኦኬሎ ሽርጡን አስሮ ቧንቧው ጋ ሲቆም፣ የኛ ልጆች «እንግዳማ አያጥብልንም!» ብለው ሳህን ሳህናቸውን ይዘው ተነሡ። ለእናታቸው እንኳ ሳህን አንሥተው የማያውቁት ሁሉ! ኦኬሎ እጁን አጣምሮ ሲያየን ሰነበተ።

ኦቦ ደበላ መጡ፣ አዩ። «ይኸው! ሁሉም የራሱን ካጠበ አንተን ምን ላድርግህ?»

ይሄኔ ኦኬሎ አግዳሚው ላይ ዘሎ ወጣ። በዚያ በሚንገዳገድ አማርኛው እንዲህ አለን፦

«ወንድሞች! እኅቶች! በደግነት ልታባርሩኝ ነው! እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት። የእናንተ ተረት አይደለም? እኔ ዓመት ሆነኝ። ብረት ነኝ! ሳህን ስጡኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኦቦ ደበላ እንባቸውን እየጠረጉ «ዱጋ! እውነቱን ነው! ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ተዉ፤ የሚነካ ወዮለት!» አሉ።

ክረምቱን እዚያው ከረመ። መስከረም ስንመለስ አንድ ታንዛኒያዊም ከጎኑ ሽርጥ አስሮ ጠበቀን። ወር ሳይሞላ፣ ሳህን ማጠብ ውርደት የሚመስላቸው የኛዎቹ ራሳቸው «ኦቦ ደበላ፣ ለእኛስ ሥራ የለም?» ማለት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሥራ የፈለገን ሰው ሁሉ «ምነው፣ አንተም ብረት ሆንክ?» እንለው ነበር።

ኦኬሎ ተመርቆ አገሩ ገባ፤ ውሎ አድሮም የኮሌጅ ኃላፊ ሆነ። ልጄ ለትምህርት ወደዚያ ስትሄድ ሁለት ቀን ቤቱ አቀማጠላት። በሦስተኛው ቀን የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት መጥረጊያ አስጨብጧት «ዛሬ ብረት ነሽ» አላት። ደውላ አለቀሰችብኝ። እኔ ደግሞ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ!

በዚያ መጥረጊያ ትምህርቷን ጨረሰች፤ ዛሬ እዚያው አስተማሪ ናት። እንደሷው ሥራ ሰጥቶ ያስተማራቸው፣ ከየአገሩ የመጡት ተማሪዎች መርዶውን ሰምተው ሽርጣቸውን ሳይፈቱ በረንዳው ላይ ቆመው ያለቅሱለታል አለችኝ።

ኦኬሎ ወንድሜ፣ እዚያም ቤት ለጊዜው እንግዳ ነህና ቁጭ በል፤ ይጋብዙህ፣ እምቢ አትበል። በሦስተኛው ቀን ግን፣ አውቅሃለሁ፣ ተነሥተህ ቧንቧው ወዴት እንደሆነ ትጠይቃለህ። ደህና ሁን።