ጀርባውን የሰጠኝ ሹፌር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና በደረቀበት በጥቅምት ወር ነው። ሹፌር ነኝ፤ በሥራዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ። የዚያን ቀኑ ግን ዛሬም ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል።

የምኖረው አዘዞ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄዱ እንግዶችን የማመላልስባት ፎርዊል መኪና አለችኝ። የተቀመጠችው በብረት ሞላ ላይ ሳይሆን በአየር በተነፉ የጎማ ከረጢቶች ላይ ነው፤ ቁልፍ ሲጫኑ ከፍ ዝቅ ትላለች። ከኋላዋ የምጎትተው የካምፕ ተሳቢ ነው። አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ታንከር ያለው፣ ለኮረኮንች መንገድ የተሠራ ትንሽ ቤት ማለት ይቻላል። ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው፤ እኔ ፍሬን ስረግጥ ከመኪናዋ በሚሄድ የኤሌክትሪክ ገመድ እሱም አብሮ ይይዛል።

የዚያን ቀን እንግዶቼን ደባርቅ ላይ ሸኝቼ እየተመለስኩ ነበር። ዳባት ስደርስ የባለቤቴን አባት አያ ሙላትን አሳፈርኳቸው። አያ ሙላት ገበሬ ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው የሚያዩት ጥላ ጥላ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ጎንደር የዓይን ሐኪም ቀጥሯቸው ነበር።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን የመኪናዋ ኋላ ትንሽ ሰመጥ ያለ መሰለኝ። ኮሶዬ ምግብ ቤቶቹ አጠገብ አቁሜ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የተቀደደም የላላም ነገር አላገኘሁም። ቁልፉን ስጫነው ተነፍታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ቀስ ብዬ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ።

ከዚያ ወደ ጎንደር መንገዱ ቁልቁል ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ቋጥኝ። የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች በደህና ወረድኩ። ድንገት ከኋላ «ቧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአየር ከረጢቱ ፈንድቶ ኖሯል። የመኪናዋ ኋላ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ የተሳቢው መጎተቻ ብረት አስፋልቱን እየፋቀ ይጮህ ጀመር።

«ምነው ማኪናው ጮኸ?» አሉ አያ ሙላት።

«ምንም አይደል አያ፣ አሁን አቆማለሁ።»

ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ ያዘች፤ ተሳቢው ግን አልያዘም፤ ከኋላ ገፈተረን። መጎተቻው ሲወርድ የፍሬኑ ገመድ ከአስፋልቱ ጋር ተፋጭቶ ተበጥሷል። ያንን ሁሉ ክብደት የምትይዘው መኪናዬ ብቻዋን ሆነች። ደጋግሜ ረገጥኩ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው፤ ፔዳሉ እየላላ፣ እየላላ ሄዶ ወለሉን ነካ።

ማርሹን ልቀንስ ብል ፍጥነቱ በዝቶ አልቀበል አለኝ። የእጅ ፍሬኑን ስስበው ተሳቢው ጅራቱን ወደ ገደሉ ወረወረ፤ ደንግጬ ለቀቅኩት። ከቋጥኙ ጋር እየተላተምኩ ልቁም እንዳልል በዚያ ጥግ ገበያተኞች አህያ እየነዱ ይወርዳሉ። ክላክሱን ተጭኜ አልለቅ አልኩ። ሰዎቹ ወደ ቦዩ እየዘለሉ ሲገቡ አያለሁ።

ከፊቴ ድንች የጫነ የጭነት መኪና በዝግታ ይወርድ ነበር። መብራት አብርቼ አጠፋሁለት። ሹፌሩ እጁን በመስኮት አወጣ። ዳር ይዞ ሊያሳልፈኝ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን መሃል መንገዱን ያዘ፤ በእጁም «ና፣ ና» ይለኝ ጀመር። ሰውዬው ያበደ መሰለኝ። ከዚያ ፍጥነት ጨመረ። ወደሱ የምሄድበት ፍጥነት እየቀነሰ፣ ሁለታችንም እኩል ለመሮጥ ስንቃረብ ነው የገባኝ፤ ጀርባውን እየሰጠኝ ነው። ተደግፌው እንድቆም ነው።

«አያ፣ ከፊትዎ ያለውን መያዣ ጠበቅ አድርገው ይያዙ! ልንጋጭ ነው!»

«ከምን ጋር?»

«ከሰው መኪና ጋር!»

«እግዚኦ! ሰውየው ያውቃል?»

እንዲያ ባለች ሰዓት የጠየቁት ይህን ነበር።

«ያውቃል አያ፤ ራሱ ነው የጠራኝ።»

መያዣውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ተላተምን። መብራቶቼ ተሰባበሩ፤ ኮፈኑ ተጣጥፎ ተነሳና መስታወቱን ሸፈነው። መንገዱ ጠፋኝ። መሪውን አጥብቄ ይዤ፣ የጭነት መኪናው ወደ ወሰደኝ መሄድ ብቻ ሆነ ሥራዬ። የሱ ጎማዎች ሲንሲያጠጡ፣ ሞተሩ ሲያጓራ ይሰማኛል። የኋላ ስፖንዳው ተከፍቶ ድንቹ በላያችን ይዘንባል። ተሳቢው እየገፋ፣ እሱ እየያዘ፣ እኔ መሃል ላይ። አንድ መታጠፊያ ዞርን። ከዚያ ቆምን።

ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ድንቹ ብቻ ቁልቁል ይንከባለላል።

ገበያተኞቹ ሮጠው መጥተው ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገቡ። ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የጭነት መኪናው የጋቢና በር ተከፈተ። መጀመሪያ የወረደችው ሕፃን የታቀፈች ሴት ናት። ሰውየው ሚስቱንና ልጁን ይዞ ነው ከፊቴ የገባው።

ሹፌሩ ከድር ይባላል፤ የጎንደር ልጅ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሚስትህና ልጅህ አጠገብህ እያሉ እንዴት ደፈርክ?» አልኩት።

«ባሳልፍህ የት ልትደርስ ነው? ገበያ ቀን ነው እኮ» አለኝና ወደ ታች አሳየኝ።

ብድግ ብዬ አየሁ። ከሚቀጥለው መታጠፊያ በታች መንገዱ በሰውና በበግ ተሞልቷል። እናቶች ሸክማቸውን አውርደው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አርፈዋል። አንዷ ቀና ብላ ታየናለች። ብዙ ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን አዞርኩ።

«እኔማ አመንትቼ ነበር» አለ ከድር፣ ወደ ሚስቱ እያየ። «ያዛቸው ያለችኝ እሷ ናት።»

እሷም ልጇን እያባበለች፣ «መታጠፊያው ላይ በስፖኪዮ አየኋችሁ» አለችኝ። «አንተ ክላክስ ታስጮሃለህ፤ ሽማግሌው ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አሳዘኑኝ።»

አያ ሙላት ወደ ሹፌሩ ውሰዱኝ ብለው በሰው ተደግፈው መጡ። የከድርን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ማን ልበል ልጄ?»

«ከድር።»

«ከድር፣ ሸጋ ሰው ነህ። ልጅህን ያሳድግልህ። የልጅህን ልጅ ያሳይህ።»

ከድር አሜን አለ፤ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ማናችንም አላለቀስንም ነበር።

አሁን መኪናዬ ተጠግናለች፤ ሥራዬንም አልተውኩም። ከድርን አልፎ አልፎ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፤ ክላክስ ተነፋፍተን እንተላለፋለን። ስለዚያ ቀን ግን አናወራም። እኔ የሚያስቸግረኝ ብቻዬን ስሆን ነው። ፍሬን ያጣ ሰው ከኋላዬ ቢመጣ፣ አጠገቤ ባለቤቴና ልጆቼ ቢሆኑ፣ መሃል መንገድ ይዤ «ና» እለዋለሁ ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። አዎ ማለት እፈልጋለሁ። እነሱ ለማሰብ ዓይን የሚጨፈንባትን ያህል ጊዜ እንኳ አልነበራቸውም። እኔ ይኸው ዓመት ሙሉ አስቤው ገና አልመለስኩትም።