ጌም ቤት የሚውሉት ሽማግሌ

ሞባይል ወደ ገጠሩ መግባት በጀመረበት ዘመን ወረታ ስላለች አንዲት ጌም ቤት ጋዜጣ ላይ ጽፌ ነበር። ጌም ለማንም የሚያስተምረው ነገር የለም አልኩ። ለማስረጃም ገበያ በዋለ ቁጥር ሩዛቸውን ሸጠው ጥግ ላይ ተቀምጠው ጎረምሶች በቴሌቪዥን የሚጫወቱትን የኳስ ጌም ሲያዩ የሚውሉ አንድ የፎገራ ገበሬ ጠቀስኩ። ያየሁት እውነት ነው፤ ግን አልጠየቅኋቸውም። ጽሑፉ በወጣ ሰሞን ቤቷ ተዘጋች።

በዓመቱ ባጃጅ ስጠብቅ እኒያን ሰው፣ አያ ደሴን፣ አጠገቤ ቆመው አገኘኋቸው። ማንነቴን አላወቁም።

«ጌም ቤት አይቼዎት ነበር፤ ምን ይሠሩ ነበር?» አልኳቸው።

«ፊደል አልቆጠርሁም። ባሕር ዳር ላለችው ልጄ የምደውለው ሰው ለምኜ ነው፤ የቤቴን ጉድ ሁሉ ጎረቤት ይሰማዋል። ጎረምሶቹ ‹ለሰባት ስጠው፣ ለአራት አቀብል› ሲባባሉ የተጫዋቹን ጀርባ እያየሁ ቁጥር ለየሁ። ዜሮንማ ግብ እስኪገባ ከቴሌቪዥኑ አናት፣ ውጤቱ ላይ አያታለሁ።»

«ለምን አስተምሩኝ አላሉም?»

«በዚህ ሽበት?» ብለው ሳቁ። «አንድ ጋዜጠኛ ነው አሉ ያስዘጋብን።»

ስልኬን ሰጠኋቸው። የልጃቸውን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል። ዜሮን ራሳቸው ነኩ። ቀጥሎ ዘጠኝ ነበር፤ ጣታቸው ከስልኩ በላይ ቆመ።

«ስምንትና ዘጠኝን ሳልለያቸው ነው የተዘጋው» አሉና ስልኩን መለሱልኝ። «እባክህ ልጄ፣ አንተ ንካልኝ።»