አራት ቀን በአዴ ጫልቱ ቤት

ከየአጥቢያችን የተመረጥን መሪዎች ሰበታ ላይ ለውጭ አገር የወንጌል ተልእኮ ስንሠለጥን፣ ለልምምድ ቋንቋውን በማናውቀው ቤት አንድ ቀን እንድናድር ታዘዝን። ለእኔ ሱሉልታ፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ቤት ደረሰኝ። እኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ እሳቸውም ሌላ አያወሩም። በማግስቱ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ ተዘጋና አራት ቀን ቆየሁ።

በምልክት እየተግባባን ድንች ስንልጥ፣ አይገባቸውም ብዬ የሆዴን ሁሉ በአማርኛ ዘረገፍኩላቸው። ደሴ ያለችው እናቴ ሃይማኖት ቀየርሽ ብላ ካኮረፈችኝ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሳልሰናበታት ባሕር ልሻገር ነው። ድምጿ ናፍቆኛል፤ ግን ስልኩን ትዘጋብኛለች ብዬ እፈራለሁ። ይህን እያልኩ አለቀስኩ። አዴ ጫልቱ “ኢንተላ ኮ” ብቻ አሉኝ። ልጄ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

መንገዱ ሲከፈት ሚኒባሱ ድረስ ሸኙኝ። ልገባ ስል እጄን ያዙና ጥርት ባለ አማርኛ፣ “አሠልጣኞችሽ አማርኛ እንዳላወራሽ አደራ ብለውኝ ነው” አሉኝ።

የሚኒባሱን በር ለቅቄ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

“እኔም ያኮረፍኩት ልጅ አለኝ” አሉ። “ይደውል ይሆናል ብዬ ስልኬን ከእጄ አልለይም። ደውዪላት።”