ወደ ጮሌ የተደወለው ስልክ

አሰላ ስልክ ቤት የመስመር አገናኝነት ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ወይዘሮ አማረች ማዳመጫውን ራሴ ላይ አጠለቁልኝና ሕጉን ነገሩኝ። «ሁለቱም ‹ሃሎ› ሲባባሉ ቁልፉን መልሰሽ ከመስመሩ ትወጫለሽ። የቀረው የእነሱ ነው።»

በሦስተኛው ቀን አልወጣሁም። አንድ የበቆጂ ገበሬ በቅሎዋ አማቱን ገብስ ማሳ ውስጥ እንዴት እንደጣለቻቸው ለወንድሙ በኦሮምኛ ያወራል። ሳቄ አመለጠኝ። ገበሬው ሰምቶኝ፣ «እህቴ፣ ቆይ እንጂ፣ ገና አልተነሱም እኮ!» አለኝ።

ወይዘሮ አማረች አልሳቁም። ከስልክ ማዞሪያው አንስተው ሳምንት ሙሉ የጥሪ ወረቀት አስደረደሩኝ። ወረቀቱ ላይ ማን፣ ወደ የት፣ ስንት ደቂቃ እንዳወራ ይጻፋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የጸጥታ ሠራተኛ መጣ። በቆጂ የሚያስተምሩት መምህር ሁሴን ወደ አሰላ ሲደውሉ የሚሉትን ሁሉ ጻፊ አለኝ።

«መስመር ላይ ስንገባ ድምፁ ይደክማል፤ ይነቃብናል» አልኩት።

«ቀስ ብለሽ ግቢ።»

«በእግሬ አይደለም እኮ የምገባው።»

«ለቀልደኛ ሩቅ አርቦዬ ስልክ ቤት ክፍት ቦታ አለ» አለ።

እናቴ አሰላ ታማ ተኝታለች። በተናገራት አንድ ዓረፍተ ነገር የታሰረ ሰውም አውቃለሁ።

«እሺ» አልኩ። «ከጻፍኩ ግን የሁሉንም ነው። እርስዎ ትናንት ከሰዓት ወደ ጮሌ ከተማ ደውለው አሥራ ስምንት ደቂቃ ያወሩትን ከየት ልጀምር?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ይቅር፤ መስመሩም ጥራት የለው» ብሎ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። አልተመለሰም። እኔ አልተዛወርኩም፤ መምህሩም ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ጮሌ ደውሎ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያየሁት ወረቀቱን ብቻ ነው።

እየሳቅኩ ለወይዘሮ አማረች ነገርኳቸው። አሁንም አልሳቁም።

«ጮሌ መደወሉን ንገሪ ማን አለሽ?»

«የነገርኩት ለራሱ ነው እኮ።»

«አሁንስ ለእኔ ጮክ ብለሽ? ወረፋ ላይ የቆመችው የሚስቱ እህት ናት።»

ቀና ብዬ አየሁ። ሴትዮዋ ወረፋዋን ትታ ወደ እህቷ ቤት እየገሰገሰች ነበር።

ሌላ ሳምንት ወረቀት ደረደርኩ። ይገባኝ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ማዞሪያው የለም፤ ወረቀቱን ዛሬ ኮምፒውተር ይይዘዋል። በሥራው ላይ ላላችሁት፦ ሰው በስልክ ያወራው ምስጢር ነው። ለማን እንደደወለም ምስጢር ነው።