ግራ ለዶራሌ፣ ቀኝ ለበግ

ስለ ዘቢባ ከማውራቴ በፊት መንገዱን ላውራላችሁ። መንገዱ ካልገባችሁ እሷም አትገባችሁም። የጭነት መኪኖች ከሚያርፉበት ከፒኬ 12 ወደ ጅቡቲ ከተማ ዝቅ ስትሉ አስፋልቱ ሰፋ ይልና ሦስት ረድፍ ይሆናል። የግራው ኮንቴይነር ወደሚጫንበት ወደ ዶራሌ ወደብ ነው። የመሀሉ በባልባላ አድርጎ ከተማ ይገባል። የቀኙ ወደ ኳራንቲን ነው፣ በመርከብ የሚሄዱ በጎችና ከብቶች ተመርምረው የሚያርፉበት። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ ረድፎቹ መሀል የተደረደረው የሲሚንቶ ድንጋይ ነው፣ ቁመቱ እስከ ወገብ ይደርሳል። ድንጋዩ ከመጀመሩ በፊት ካልመረጣችሁ በቃ፣ የገባችሁበት ገባችሁ። ተሳቢ ማለት አሥራ ስምንት ሜትር ነው። አሥራ ስምንት ሜትር ይዞ ይቅርታ ተሳስቻለሁ ብሎ መመለስ የለም። ስለ ተሳቢ አዟዟር ብቻ አንድ ሰዓት ላወራችሁ እችል ነበር፣ ግን ይቅር።

እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ ከይረዲን እባላለሁ። ኮምፕረሰሬ ያለችው ድንጋዩ የሚጀምርበት ጋ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ ነው። የዘቢባ የሻሂ ጠረጴዛ ከኔ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። እኛ የምሥራቅ ሰዎች ለታላቅ ሴት "አዴ" ነው የምንለው፣ አንቱ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ አዴ ዘቢባ።

አዴ ዘቢባ የሂርና ልጅ ናት። በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት በባቡር መጣችና ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ስምንት ዓመት እዛው ቤት፣ እዛው ማድ ቤት ተኝታ፣ አራት ልጅ አሳደገችላቸው። ልጆቹ ሲያድጉ በቃሽ ተባለች። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ማቀዝቀዣቸውን ሰጥተዋታል፣ ግን በቃሽ ነው የተባለችው። ከዛ ባልባላ አንድ ክፍል ተከራየችና እዚህ መስቀለኛው ጋ ጠረጴዛ አወጣች። ያኔ እዚህ ጥላ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዲት የኒም ችግኝ ተክላ፣ የብርጭቆ ማጠቢያውን ውሃ እያጠጣች አሳደገቻት። እግሯ ያብጣል፣ ከሰዓት በኋላማ ጫማ አይገባላትም፣ ፀሐይ ላይ መቀመጥ አትችልም። እና ያቺ ጥላ ለሷ ቤት ማለት ናት።

መንገዱን እንዴት እንዳወቀችው ደግሞ ልንገራችሁ። ዶራሌ የተከፈተ ሰሞን አንድ ባዶ ተሳቢ የያዘ ሾፌር "ዶራሌ በየት ነው?" ሲላት "ቀጥ በል" አለችው። ዶራሌ ምን እንደሆነ አታውቅማ። ሰውዬው ባልባላ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብቶ፣ የሰው ቆርቆሮ ነክቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቅ ዋለ። በማግስቱ ለዚሁ ብሎ መጥቶ ሰድቧት ሄደ። ከዛ ወዲህ የሚመለሰውን ሁሉ "የቱን ያዝክ? የት አደረሰህ?" እያለች፣ ከወንበሯ ሳትነሳ መንገዱን ሁሉ ተማረችው።

ለምን እሷን ይጠይቃሉ ትሉኛላችሁ። የኛ ሾፌሮች አንድ አመል አላቸው፣ ታርጋ ይከተላሉ። ፊታቸው "ኢት" የሚል ታርጋ ካዩ የአገሬ ልጅ ነው ብለው የሄደበት ይሄዳሉ። ድሮ ሁሉም አንድ ወደብ ሲገባ ይሄ ይሠራ ነበር። አሁን ግን አንዱ ዶራሌ ነው፣ አንዱ ኳራንቲን ነው። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ባልባላ ዘመዱ ቤት ምሳ ሊበላ በመሀል ሲገባ ስድስት ተሳቢ ተከትሎት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ምልክትማ አለ። በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ተጽፎ፣ አንድ ተሳቢ ገጭቶት አንገቱ ተጣሞ፣ ወደ ሰማይ እያየ ቆሟል። እና ጎንደሬ ይሁን ወላይታ፣ አማርኛ የሚመልስ አፍ ሲያይ ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ረዳቱ መስኮት ዘንበል ይላል።

"አዴ፣ ዶራሌ?"

"ግራ። ግራ ያዝ፣ ድንጋዩ ሳይደርስብህ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይ፣ ለጨዋታ ነው እዚህ የተቀመጥኩት።"

"ሻሂስ የለም እንዴ?"

"ሻሂ ስትመለስ። አሁን ሂድ፣ ከኋላህ አገር ቆሟል።"

በቀን ስንቴ እንደምትጠየቅ አንድ ጊዜ ልቆጥር ሞክሬ ሁለት መቶ ላይ ተውኩት። ረፋድ ላይ ድምጿ ይዘጋል። ከዛ በኋላ በእጇ ነው፣ እጇ ሲደክማት ደግሞ በአገጯ። "ሰው እንዴት መንገዱን ሳያውቅ ከአገሩ ይወጣል?" ትለኛለች፣ ደግሞ ወዲያው "እኔስ አውቄ ነው የወጣሁት?" ትላለች።

እንግዲህ ሰኔ 2004 መጀመሪያ ላይ ዓብዱረዛቅ መጣ። ዓብዱረዛቅ የትራፊክ ፖሊስ ነው፣ የዚሁ አገር ሰው፣ ልጅነቱን ድሬዳዋ አክስቱ ጋ ስላሳለፈ አማርኛው ከኔ ይሻላል። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ሻሂ የሚጠጣው እሱ ነው። ያን ቀን ግን ብርጭቆውን ሳይነካ ቆመ።

"ዘቢባ፣ አለቃዬ ትናንት እዚህ ጋ አርባ ደቂቃ ቆሟል። ከተሳቢ ኋላ፣ በዚህ ሙቀት።"

"ታዲያ ተሳቢውን እኔ ነኝ የምነዳው?"

"አንቺን ሊጠይቅ ነው የቆመው። አንዱ ሲቆም ሰልፉ እስከ ፒኬ 12 ይደርሳል።"

"ምልክት አድርጉላቸዋ።"

"ምልክት አለ።"

"ምልክቱማ አለ" አለችና ወደ ሰማይ አየች።

እሱ አልሳቀም። "አትመልሺላቸው። ካልመለስሽ መቆም ይተዋሉ። ከዛሬ በኋላ አንድ መኪና ፊትሽ ቆሞ ካየሁ ጠረጴዛሽን አነሳለሁ፣ ተመልሰሽም አትቀመጪም። ተነግሮኛል፣ ከአቅሜ በላይ ነው።"

አዴ ዘቢባ "እሺ፣ አልመልስም" አለች። ምን ትበል? ባልባላ ውስጥ እንደሆነ ሁሉም ሻሂ አፍልቶ ሁሉም በር ላይ ተቀምጧል፣ ማን ከማን ይገዛል?

እኔ ደግሞ ብልሃት መጣልኝ ብዬ አሮጌ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም "ግራ ለዶራሌ፣ ቀኝ ለበግ" ብዬ ጽፌ መንገድ ዳር አቆምኩት። አራተኛ ክፍል የተማርኩት ለዚህ ጠቀመኝ ብዬ ደስ አለኝ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ቆመው ያነቡና "ይሄ እውነት ነው? ማን ነው የጻፈው?" ብለው ይጠይቃሉ። አንዱማ በግ የሚሸጥ መስሎት "ሙክት አለ?" አለኝ። የሰው አፍ ካልሰሙ አያምኑም። ዓብዱረዛቅ በሦስተኛው ቀን ጎማውን አስነሳው።

እሷ ግን ቃሏን ጠበቀች። ከመስኮት ሲጠሯት ብርጭቆ ታጥባለች፣ ታጥባ የጨረሰችውን መልሳ ታጥባለች። "አዴ፣ ዲዳ ሆንሽ እንዴ?" ይሏታል። "ገንዘብ ስታገኝ ሰው ናቀች" ያላትም አለ። ቀና አትልም። እውነቱን ለመናገር ሠርቷል፣ በሳምንቱ መቆሙ ቀነሰ። ዝም ብለው ታርጋ ይከተላሉ፣ ግማሹ ይደርሳል፣ ግማሹ ይሳሳታል። ተሳቢ ቢሳሳት ያው ናፍጣውንና ቀኑን ያቃጥላል፣ ብረት አይሞትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ካምሲን ነፈሰ። የጅቡቲን ካምሲን የማያውቅ ሰው የምድጃ በር ከፍቶ ፊቱን ያስገባ። አራት ሰዓት ላይ፣ ከሚሌ የመጣ አንድ አይሱዙ በግ ጭኖ ደረሰ። ሁለት ፎቅ አድርገው ነው የሚጭኑት፣ ላይም በግ፣ ታችም በግ። ሾፌሩ ዋለልኝ ይባላል፣ ስሙን ኋላ ነው ያወቅኩት፣ ጅቡቲ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ረዳትም የለውም። ራሱ ተንጠራርቶ በቀኝ መስኮት "እናቴ፣ ኳራንቲን በየት ነው?" አላት።

እኔ ያኔ የአንድ ተሳቢ የኋላ ጎማ ፈትቼ ኮምፕረሰሯ እየጮኸች ነበር፣ አልሰማሁም። አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት። ዓብዱረዛቅ ደግሞ ከማዶ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ እያያት ነው። ፖሊሱንስ ለምን አልጠየቀም እንዳትሉኝ፣ ትራፊክ ፖሊስ ጠርቶ መንገድ የሚጠይቅ ሾፌር እኔ አይቼ አላውቅም። እሷ ብርጭቆ አነሳች። ሾፌሩ ደግሞ ጠየቀ። ከኋላው ክላክስ ሆነ፣ ዓብዱረዛቅ ፊሽካውን ነፋ፣ አይሱዙው ተንቀሳቀሰ። ፊቱ "ኢት" የሚል ተሳቢ ነበር፣ ወደ ግራ። ተከተለው። ከዛ ድንጋዩ ጀመረ።

የዶራሌ ሰልፍ ያን ቀን አይንቀሳቀስም ነበር። ፊቱ ኮንቴይነር፣ ኋላው ኮንቴይነር፣ ግራ ቀኙ ሲሚንቶ። በግ ደግሞ መኪናው ሲሄድ ነው ንፋስ የሚያገኘው፣ ሲቆም ያው እርስ በርሱ ይቀቃቀላል። ውሃ የለ፣ ጥላ የለ።

አሥር ሰዓት ላይ ዋለልኝ ዶራሌ ድረስ ሄዶ፣ ዞሮ ተመለሰ። ዓብዱረዛቅ ፈረቃው አልቆ ሄዷል። አይሱዙውን እኔ ጋ ጠጋ አድርጎ አቆመው። ሽታው ነው መጀመሪያ የደረሰኝ። ሃያ ሦስት በግ ሞቷል፣ የታችኛው ፎቅ ላይ ያለው አብዛኛው። የቀሩትም ምላሳቸው ወጥቷል። እኔ ቱቦዬን ጎትቼ ውሃ ስረጭ እሱ ቀስ ብሎ ወደ አዴ ዘቢባ ሄደ። ይመታታል ብዬ ፈርቼ ተከተልኩት። ልጅ ነው፣ ከኔ አይበልጥም፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

"እናቴ፣ ጠዋት ጠይቄሽ ነበር እኮ።"

"ሰምቼሃለሁ።"

"አልሰማሽኝም ብዬ ነበር" አላት። "ሞተሩ ጮኾባት ነው እያልኩ ነው ቀኑን ሙሉ የቆየሁት።"

"ሰምቼሃለሁ ልጄ። በቀኝ ነበር።"

ውሃ ቀዳችለት። ይዞት ቆየ፣ አልጠጣውም። ለማን ምን እንደሚል እያሰበ ይሆናል፣ በጎቹ የሱ አይደሉም። በመጨረሻ "አሁንስ በየት ነው?" አላት።

"በቀኝ። ነጩን መስመር ይዘህ፣ ማንንም ሳትከተል።"

ሄደ። አዴ ዘቢባ ያን ቀን ዕቃዋን ሳታጥብ ነው ወደ ባልባላ የተሳፈረችው።

በማግስቱ ጠዋት ለዓብዱረዛቅ ሻሂውን ከቀዳችለት በኋላ "ዛሬ እመልሳለሁ፣ እንድታውቀው ብዬ ነው" አለችው። እሱ ሻሂውን ጠጥቶ ማዶ ተሻግሮ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ያን ቀን ሙሉ ጀርባውን እንደሰጠን ነው የዋለው፣ በሁለተኛውም ቀን። እሷም አትቀመጥም። ባበጠ እግሯ ቆማ፣ ገና ከሩቅ "ግራ፣ ግራ፣ አትቁም" "አንተ ባለበጉ ቀኝ" ትላለች። ሳይቆሙ እንዲሰሙ ነው። ግማሹ ግን ይቆማል። ምን ታድርገው፣ እርግጠኛ ነሽ ማለት አለበት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ተሳቢ ፊቷ ቆሞ ሞተሩ ጠፋ። አልነሳም አለ። ሰልፉ ወደ ላይ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሆነ። አለቃው በስልክ ደወለ መሰለኝ፣ ዓብዱረዛቅ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ነው የተሻገረው።

"ዘቢባ፣ ነግሬሽ ነበር።"

"ነግረኸኛል።"

"ሁለት ቀን እንዳላየ ሆኜልሻለሁ።"

"አውቃለሁ። አላህ ይስጥህ።"

ጠረጴዛውን ራሱ ተሸከመው። ፔርሙሱንና ወንበሩን እኔ ያዝኩ። ወደ ባልባላ በሚሄድ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲያስር ገመዱን ሁለት ሦስቴ እየፈታ ደጋግሞ አሰረው። አዴ ዘቢባ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እግሯን ከጫማዋ አወጣች። የቆመው ተሳቢ ሾፌር ከጋቢናው ሆኖ "አዴ፣ እኔስ ታዲያ በየት ልሂድ?" አላት። ሚኒባሱ ተነሳ፣ እሷ ግን አንገቷን አውጥታ በእጇ ግራ አሳየችው።

ይሄ ከሆነ አራት ወሩ ነው። አሁን የሚጠይቁት እኔን ነው። ጎማ ልፈታ ጎንበስ ስል ይጠራሉ፣ ክሪክ ስይዝ ይጠራሉ። ወሬ እንደምወድ እናንተም አይታችኋል፣ ግን ከሰዓት በኋላ እኔም ድምፄ ይዘጋል። እሷ ይሄን ስንት ዓመት ነው የቻለችው? ዓብዱረዛቅ ጠረጴዛ ስለሌለኝ የሚያነሳብኝ ነገር የለም፣ ኮምፕረሰሯን ግን አየት አየት ማድረግ ጀምሯል።

ባለፈው አርብ ባልባላ ሄጄ ጠየቅኳት። በሯ ላይ ሻሂ አውጥታለች፣ ማንም አልነበረም። እግሯን የውሃ ሳፋ ውስጥ ነክራለች። እኔ ዜና ይዤ መጥቻለሁ፣ ደስ እንዲላት ብዬ። ድንጋዩን ሃያ ሜትር ወደፊት ሊገፉት ነው እየተባለ እንደሆነ፣ ዋለልኝም ሌላ መኪና አግኝቶ ሁለቴ እንዳለፈ፣ ሁለቴም በቀኝ እንደያዘ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "አዴ፣ መስቀለኛው ጋ እኮ" ከማለቴ እጇን አነሳች።

"ልጄ፣ ስለ መንገድ አታውራኝ። ዛሬ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ተቀመጥ፣ ሻሂ ጠጣ፣ ዝም በል።"

ተቀመጥኩ። ዝም ማለት ለኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ሻሂዬን ሳልጨርስ እሷ ወንበሯ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።